ሻጭ መቆየት ሲችል፦ የባቲ ሰኞ ገበያና የእኛ ሥራ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባዔው የቀረበ ንግግር)







የምሥረታ በዓል ሲከበር ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደቀረበ፣ ስንት ኩንታል እህል እንደተገዛና ምን ያህል የትርፍ ክፍያ ለአባላት እንደተከፋፈለ መዘርዘር የተለመደ ነው። ይህንን ቦርዱ በሪፖርቱ ስላቀረበላችሁ እኔ አልደግመውም። እኔ የተጠየቅሁት ስለ ገበያ እንድናገር ነው። ስለ ገበያ ለገበሬና ለአርብቶ አደር መናገር ደግሞ ለዓሣ ስለ ውኃ እንደ መናገር መሆኑን አውቃለሁ። ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰኞን ሰኞን ባቲ የወጣችሁ ናችሁ። ይሁን እንጂ ሰው የራሱን ገበያ በደንብ የሚያየው አንዳንድ ጊዜ ከሌላው ገበያ ጋር ሲያስተያየው ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ሩቅ አገር እወስዳችሁና ከዚያ ወደ ደጃችን እንመለሳለን።

ውኃ ላይ የሚቆም ገበያ

ሜኮንግ የሚባለው የእስያ ወንዝ ከቲቤት ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ፣ ስድስት አገሮችን አቋርጦ፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በደቡብ ቬትናም ከባሕር ይገባል። ከባሕሩ ከመድረሱ በፊት ግን ብዙ ቦታ ይከፋፈልና ተሸክሞት የመጣውን ደለል ያነጥፋል። በዚህም ሰፊና ለም ሜዳ ፈጥሯል። እንዲህ ያለው የወንዝ መጨረሻ ሜዳ ዴልታ ይባላል። በዚያ ሜዳ ለብዙ ዘመን መንገዱ ውኃ ነበር። ሩዙም፣ አናናሱም፣ ዱባውም የሚጓጓዘው በጀልባ ስለነበር ገበያውም የቆመው እዚያው ውኃው ላይ ነው። ካን ቶ ከተባለችው ከተማ አጠገብ የሚገኘው የካይ ራንግ ገበያ ከእነዚህ ተንሳፋፊ ገበያዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ነው።

ይህን ገበያ የሚጎበኝ ሰው ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለበት፤ ዋናው ግብይት የሚካሄደው በማለዳ ነውና። እዚያ ሲደርስ በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው በየጀልባው ላይ የቆመው ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው። ባለ ጀልባው የሚሸጠውን ነገር ናሙና ከዘንጉ ጫፍ ላይ ይሰቅላል። አናናስ የተሰቀለበት አናናስ፣ ዱባ የተሰቀለበት ዱባ ይሸጣል። ገዢው ከሩቅ አይቶ ይቀዝፋል፤ መጠየቅና መዞር አያስፈልገውም። የዘንባባ ቅጠል የተሰቀለ እንደሆነ ደግሞ የሚሸጠው ጀልባው ራሱ ነው ይባላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች የሚሸጡት በጅምላ መሆኑ ነው። ትንንሾቹ ጀልባዎች ከእነርሱ ገዝተው በየቦዩ ዳር ላሉ መንደሮች ይቸረችራሉ።

ሦስተኛው ነገር ግን ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል። ትልቁ ጀልባ የነጋዴው ቤት ነው። ከነቤተሰቡ የሚያድረው፣ የሚያበስለው፣ ልብሱን የሚያጥበው እዚያው ነው። ጭነቱን ይዞ ገበያው ዘንድ ይደርስና መልሕቁን ይጥላል። ዛሬ ዋጋው ካልተስማማው ያድራል፤ ነገ ካልተስማማውም እንደገና ያድራል። ጭነቱ እስኪያልቅ ድረስ ቀናት ይቆያል። ጀልባው ማጓጓዣው ብቻ ሳይሆን መጋዘኑና ማደሪያውም ነው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ከገዢው ጋር ሲነጋገር ፀሐይ አታጣድፈውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የውኃ ላይ ገበያዎች በአሁኑ ዘመን እየቀነሱ ነው። ምክንያቱ የሕዝቡ መለወጥ ሳይሆን የመንገዱ መለወጥ ነው። አስፋልትና ድልድይ ሲሠራ ጭነቱ ወደ መኪና ይሄዳል፤ ጀልባው ይቀንሳል። በካን ቶ ትልቁ ድልድይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በታይላንድ የሚገኘው የዳምኑን ሳዱአክ ገበያም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በተቆፈረ ቦይ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚኖረው በቱሪስት ነው። ገበያ የመንገድ ልጅ ነው፤ መንገዱ ሲዞር ገበያውም አብሮ ይዞራል። ይህንን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የእኛው ወንዝ መጨረሻ

በአገራችን እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ገበያ የለም። ቅርብ የሚመስለው ጣና ነው። ከዘጌና ከደሴቶቹ ማገዶና የአትክልት ፍሬ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ሲወርድ ኖሯል። ግብይቱ የሚካሄደው ግን የብስ ላይ ነው።

የወንዝ መጨረሻ ሜዳ ግን አለን፤ ያውም ጎረቤታችን ነው። የእኛ ቦርከና የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከማለቁ በፊት በዱብቲና በአሳይታ ዙሪያ ደለሉን አንጥፎ ሰፊ ለም ሜዳ ፈጥሯል። ይህ ወደ ባሕር የማይወጣ ዴልታ ነው ብንል አንሳሳትም። የዚያ ሜዳና የዙሪያው በረሃ ሕዝብ ግመልና ፍየል፣ ላምና ቅቤ፣ ጨውና ሰሌን አለው፤ እህል ግን እንደ ልቡ የለውም። የእኛ ቆላና ወይና ደጋ ደግሞ ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሾ አለው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የግድ ያስፈልግ ነበር። ያ ቦታ ባቲ ነው።

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተራራው ወደ አፋር ሜዳ መውረድ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ ቢወጡ ግመል የማይወደው ብርድ፣ ወደ ምሥራቅ ቢወርዱ በሬ የማይችለው ሐሩር አለ። ስለዚህ የደጋው ሰው እስከዚህ ይወርዳል፤ የበረሃው ሰው እስከዚህ ይወጣል። የሜኮንግን ገበያ ውኃው እንዳቆመው ሁሉ፣ የባቲን ገበያ ያቆመው ይህ ጠርዝ ነው።

ሰኞ በባቲ

ባቲን በሰኞ የሚጎበኝ እንግዳ ካለ እንዲህ እመክረዋለሁ። እሑድ ማታ ከተማው ይግባ። የሩቅ አገር ሰዎች ዋዜማውን ሲደርሱ ያያል። ጠዋት የከብቱ ገበያና የእህሉ ገበያ ለየብቻ መቆማቸውን ይመልከት። በአንድ በኩል ግመሉ፣ ከብቱ፣ በጉና ፍየሉ አለ። በሌላው በኩል ማሽላው በጆንያ፣ ቅቤው በቅል፣ ቡናው፣ ጫቱ፣ ጨውና በርበሬው፣ ሸማውና ሽርጡ ተዘርግቷል። ጊሌውን በወገቡ የታጠቀው አፋር፣ የባቲና የዳዌ ሐረዋ ኦሮሞ፣ ከቃሉና ከደሴ ዙሪያ የመጣው አማራ በአንድ ሜዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። አንዱ በኦሮምኛ ዋጋ ይጠራል፤ ሌላው በአፋርኛ ይመልሳል፤ ክርክሩ በአማርኛ ያልቃል። ከሙዚቃችን አራት ቅኝቶች መካከል አንዱ በዚህች ከተማ ስም "ባቲ" መባሉ የዚህ መገናኛነት ምልክት ይመስለኛል።

ገበያው የሸቀጥ ብቻ አይደለም። በግጦሽና በውኃ የተጣሉ ወገኖች በገበያ ቀን የሚተያዩት እዚህ ነው። ሽማግሌ ከሽማግሌ የሚነጋገረው፣ የጠፋ ግመል የሚጠየቀው፣ የታመመ ዘመድ ወሬ የሚሰማው እዚህ ነው። የሰኞ ገበያ የታጎለ እንደሆነ የሚጎድለው ማሽላና ፍየል ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ይህ ሁሉ የምንኮራበት ነው። አሁን ግን እንደ ኅብረት ሥራ ባለሙያ ሰዓቴን እያየሁ ገበያውን እንደገና ልዙር።

ፀሐይዋ ከማን ጋር ናት?

ከቀትር በፊት የመጣው ባለ ፍየል ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራል። ገዢው ዞር ይላል። ባለ ፍየሉ አንድና ሁለት ቀን በእግር ተጉዞ የመጣ ነው። ፍየሎቹ ውኃ ይፈልጋሉ፤ ሣር ይፈልጋሉ። እርሱም ማሽላውን ገዝቶ ከመምሸቱ በፊት መነሣት አለበት፤ ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ቀትር ያልፋል። ደላላው ይመጣና "አጅሬ፣ ልሽጥልህ?" ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተጠራው ዋጋ ይወርዳል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ይወርዳል። ገዢው ይህንን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ጠዋት ዞር ያለው። እርሱ ከተማ ነው የሚያድረው፤ በረት አለው፤ መኪና አለው፤ ስልክ ደውሎ የሌላውን ገበያ ዋጋ ጠይቋል።

የእኛው እናት ማሽላዋን ተሸክማ ስትመጣም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሸጠችበት ብር ለጨው፣ ለጋዝና ለደብተር ነው። ሳትሸጥ ከተመለሰች ሸክሙን ዳግመኛ ዳገት ማውጣት ሊኖርባት ነው። ስለዚህ በማንኛውም ዋጋ ትሸጣለች።

እንግዲህ በካይ ራንግና በባቲ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። በዚያ ሻጩ ማደር ይችላል። በዚህ ሻጩ ማደር አይችልም። ሁለቱም ገበያዎች የቆዩ ናቸው፤ ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ሁለቱም በክርክር ነው የሚሸጡት። ክርክር ግን የሚሠራው ሁለቱም ወገን "ይቅርብኝ" ማለት ሲችል ነው። "ይቅርብኝ" ማለት የማይችል ሻጭ ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ተከራከረ እንጂ አልተደራደረም።

እኔ ዛሬ ላስተላልፍ የፈለግሁት መልእክት ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር የመጀመሪያ ተግባር ለአባሉ ከፍ ያለ ዋጋ መስጠት አይደለም። የመጀመሪያ ተግባሩ ለአባሉ የመቆየት አቅም መስጠት ነው። ዋጋው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

በክፉ ቀን የሚታየው

ይህ ነገር በደህናው ዘመን የጥቂት ብር ጉዳይ ይመስላል። በክፉ ዘመን ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ ካጠኑት መካከል አንዱ የሕንድ ተወላጁ ምሁር አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው "ድህነትና ረሃብ" በተሰኘው መጽሐፉ የወሎን ገበሬና የአፋርን አርብቶ አደር ሁኔታ መርምሯል። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ፣ በዚያ ሁሉ እልቂት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደተጠበቀው ያህል አለመናሩ ነው። ምክንያቱም ሕዝቡ የመግዣ አቅም አጥቶ ነበር። ገበሬው ምርቱ ስለጠፋ የሚሸጠው አልነበረውም። አርብቶ አደሩ ደግሞ ከብቱ ከማለቁም በላይ የተረፈችው ከብት የምትገዛለት እህል ቀነሰ። ከዚያም በፊት በታችኛው አዋሽ ሸለቆ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ የበጋ ግጦሹ ለጥጥ እርሻ እየተወሰደበት ነበር።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዲህ እንበል። በደህና ዓመት አንድ ሙክት ፍየል አንድ ኩንታል ማሽላ ይገዛል። ድርቅ ሲገባ ሁሉም ባለ ፍየል በአንድ ሰኞ ሊሸጥ ይመጣል፤ ፍየሎቹም ከስተዋል፤ የፍየል ዋጋ በግማሽ ይወርዳል። በዚያው ሰኞ ሁሉም ማሽላ ይፈልጋል፤ የማሽላ ዋጋ ደግሞ በግማሽ ይጨምራል። ያቺ ፍየል አሁን የምትገዛው አንድ ሦስተኛ ኩንታል ነው። ፍየሉ አልሞተም፤ ማሽላውም ከገበያ አልጠፋም፤ ቤተሰቡ ግን ተራበ። ሁሉም በአንድ ቀን ለመሸጥ የተገደደበት ገበያ እንዲህ ያደርጋል።

በ1977 ዓ.ም. ባቲ ከታላላቅ የእርዳታ መጠለያዎች አንዱ የቆመባት ከተማ ነበረች። በዚያ ዘመን የነበራችሁ አባቶችና እናቶች የገበያው ሜዳ ያለበት ከተማ የረሃብተኛ መሰብሰቢያ ሲሆን አይታችኋል። እኔ ከእናንተ የበለጠ የምነግራችሁ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድርቁን ማኅበር አያስቀረውም። ነገር ግን የክፉ ቀን ሽያጭ ከመጀመሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የአባሉን ፍየል በደህና ዋጋ የሚገዛ፣ ማሽላም በመጋዘኑ ያስቀመጠ ማኅበር ካለ፣ ያ አንድ ሦስተኛ ኩንታል ሁለት ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የሰው ሕይወት አለ።

መንገድ ሲዞር

ገበያ የመንገድ ልጅ ነው ብያችሁ ነበር። ባቲ ይህንን ደጋግማ አይታለች። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የተሠራው የደሴ–አሰብ መንገድ በመካከሏ አለፈ፤ የአሰብ ወደብ መኪናም ለብዙ ዓመታት አቋርጧት ሄደ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መኪና በሚሌ በኩል ዛሬም ባቲን ያቋርጣል። ጨውም ተለውጧል። ቀድሞ ከአሰብ ይመጣ የነበረው በመቅረቱ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ሰፍቶ ለአገሪቱ ዋና ምንጭ ሆነ፤ የሚጓዘውም በከባድ መኪና ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ባቲን ሲያዳርስ መንገዱ ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ምን እንደሚሆን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ከዚህ የምንማረው በአንድ መንገድና በአንድ ቀን ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሻጭ አደጋ ላይ መሆኑን ነው። ሰኞ ይቀጥል፤ እንወደዋለን። ማኅበራችን ግን ማክሰኞም፣ ሐሙስም መሸጥ የሚችል መሆን አለበት።

ስማችን የት ደረሰ?

ሌላ አንድ ነገር ላንሣ። በዓለም የቆዳ ንግድ ውስጥ የኢትዮጵያ የፍየል ሌጦ ሲመደብ "ባቲ" የሚባል ደረጃ አለ። ውፍረቱ፣ መለመጡና የውስጥ ገጹ ጥራት የሚመሰገንለት ሌጦ ነው፤ ከእርሱ ጥሩ ለስላሳ ቆዳ ይወጣል። ስማችን ባሕር ተሻግሮ በፋብሪካ መዝገብ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ነገር ግን ሌጦውን በቢላዋ ቀዶና በፀሐይ አድርቆ ያበላሸው ሰውና በጥንቃቄ የገፈፈው ሰው በሰኞ ገበያ አንድ ዓይነት ዋጋ የሚያገኙ ከሆነ፣ ስሙ ለባቲ ሰው ምን ጠቀመው?

ስም ዋጋ እንደሚያወጣ ከቡናው ተምረናል። መንግሥታችን ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገው ክርክር በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። ያ ስምምነት የቡና ገበሬውን ችግር ሁሉ አልፈታም። ያሳየው ግን ስምን ባለቤት ሆኖ የሚጠብቅ አካል ከሌለ ሌላው እንደሚጠቀምበት ነው። ሌጦን በደረጃ ለይቶ የሚገዛ፣ ጨው የሚያቀርብ፣ የገፈፋ ሥልጠና የሚሰጥ ማኅበር ቢኖረን የካይ ራንግን ዘንግ ተከልን ማለት ነው። የምንሸጠው ምን እንደሆነና ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ገዢው ከሩቅ ያያል።

የእኛ ጀልባ ምን ይምሰል?

እንግዲህ ወንዝ የለንም፤ ጀልባም አንሠራም። የጀልባውን ሥራ የሚሠሩልን ነገሮች ግን አሉ። አራቱን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ሚዛን። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የዘመናዊውን ኅብረት ሥራ መሠረት የጣሉት 28 ሰዎች የጀመሩት በትንሽ ሱቅ ነበር። ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ይሸጡ ነበር፤ የታመኑትም ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ዕቃ በትክክል መዝነው በመስጠታቸው ነው። በከብቱ ገበያ የቁም ከብት ሚዛን፣ በእህሉ ገበያ የተረጋገጠ ሚዛን ያቆመ ማኅበር፣ አባሉ ከመሸጡ በፊት የያዘውን እንዲያውቅ ያደርገዋል። የያዘውን የማያውቅ ሰው ሊቆይ አይችልም።

ሁለተኛ፣ በረትና መኖ። ያልተሸጠ ፍየል ማደሪያ፣ ውኃና ድርቆሽ ካገኘ ባለቤቱ በአሥር ሰዓት ዋጋ አይሸጠውም። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አጥር፣ የውኃ ገንዳና የመኖ ክምር ይበቃል። ከመኸር በኋላ የሚባክነው የማሽላ አገዳ ራሱ መኖ ነው። በዚህ ረገድ ከአፋር ወንድሞቻችን ማኅበራት ጋር በጋራ ብንሠራው ይሻላል። በረቱ የሁለታችንም ነው፤ የሚያድረው ፍየል የእነርሱ፣ የሚበላው አገዳ የእኛ ነውና።

ሦስተኛ፣ መጋዘን። ገበሬው በታኅሣሥና በጥር የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ስላለበት ምርቱን ሁሉ አንድ ላይ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ ያንኑ ማሽላ በውድ ዋጋ ይገዛል። በአገራችን የመጋዘን ደረሰኝን አሠራር የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 372/1996 ወጥቷል፤ ማሾም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀምሯል። ጽንሰ ሐሳቡ ቀላል ነው። እህሉን ያስቀመጠ ሰው ደረሰኙን ይዞ ከፊሉን ገንዘብ በብድር ያገኛል፤ ዕዳውን ይከፍላል፤ እህሉን ዋጋው ሲሻሻል ይሸጣል። ይህ በመሠረታዊ ማኅበር ደረጃም በትንሹ ሊጀመር የሚችል ነው።

አራተኛ፣ ወሬ። የኮምቦልቻን፣ የሚሌን፣ የሎጊያንና የከሚሴን ዋጋ እሑድ ማታ ሰብስቦ ሰኞ ጠዋት በገበያው በር በሦስቱም ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰውና አንድ የድምፅ ማጉያ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ገዢው ስልክ ደውሎ የሚያውቀውን ሻጩም ይወቅ።

ውድ አባላት፣

መቆየት ዋጋ እንዳለው ልደብቃችሁ አልፈልግም። በበረት የቆየ ፍየል ካልበላ ይከሳል፤ በሽታም ሊገባው ይችላል። በመጋዘን የቆየ ማሽላ ነቀዝ ሊበላው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዋጋው ይጨምራል ተብሎ ሲጠበቅ ሊወርድ ይችላል። መቆየት ሁልጊዜ ያተርፋል ብዬ አላውቅም። የምለው አባሉ የሚሸጥበትን ቀን ራሱ ይምረጥ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሸጦ መሄድ ከፈለገ ይሽጥ፤ ነገር ግን የፈለገው ስለመሰለው ይሁን እንጂ ውኃ ስላጣ አይሁን።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያዬ ለእኛ ለአመራሮችና ለባለሙያዎች ነው። መጋዘን ያለው ማኅበር ራሱ ደላላ ሊሆን ይችላል። አባሉን አስቸኩሎ በርካሽ ገዝቶ፣ በክረምት በውድ ሸጦ፣ "ዘንድሮ ይህን ያህል አተረፍን" ብሎ በጭብጨባ የሚያስመሰግን ዩኒየን ከነጋዴው በምን ይለያል? አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበሩ የአባላቱ ንብረትና በእነርሱ ቁጥጥር ሥር መሆኑን ይደነግጋሉ። ይህ ቃል የሚፈተነው በጉባዔ አዳራሽ ሳይሆን በታኅሣሥ ወር፣ በመጋዘኑ በር፣ ሚዛኑ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ምን ያህል ኩንታል እንደገዛን ብቻ አትጠይቁን። ስንት አባል እህሉን አስቀምጦ በራሱ ቀን እንደሸጠ ጠይቁን። ስንት ፍየል ሳይሸጥ በሰላም አድሮ ለማክሰኞ እንደደረሰ ጠይቁን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። ነገር ግን ድር ከማበሩ በፊት መፈተል አለበት፤ መፈተል ደግሞ የየዕለት ሥራ ነው። ሚዛኑን ማቆም፣ አጥሩን ማጠር፣ ገንዳውን መሙላት፣ ደረሰኙን በትክክል መጻፍ፣ ዋጋውን በድምፅ ማጉያ መናገር፣ ይህ ሁሉ ፈትል ነው። ወደ ሥራው ስትሄዱ ዩኒየኑ አብሯችሁ ይሁን፤ ዩኒየኑም ወደ ኋላ ሲል እናንተ ቀድማችሁ ጎትቱት።

ለሁላችሁም መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ።